ከካቪሽ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ስንት ያወጣል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኔታንያ ገበያ መራመጃ አይገኝበትም። ሻጮቹ ዋጋ እየጠሩ ይጮኻሉ፤ ለሰንበት ሽንኩርት፣ ዶሮና ዓሣ የሸመቱ እናቶች አጋላቸውን እየጎተቱ ይጋፋሉ። እኛ ሦስት የሶሻል ወርክ ተማሪዎች አረፍ ያሉ አንዲት እናት አጠገብ ቆመን ነበር። «ቤቴ ከካቪሹ ማዶ ነው» አሉን። «አውቶቡስ ስጠብቅ ይመሽብኛል፤ በእግሬ ልሂድ ስል ያ የመኪና ድልድይ ያስፈራኛል። ከሥሩ አንድ ቀዳዳ ቢከፍቱልን ምን ነበረ?» አጠገባቸው የተቀመጡ አባት ፈገግ ብለው «ስንት ሚሊዮን ሸቀል ይፈጃል ልጄ! ለኛ ብለው?» አሉ። ከእኛ አንዷ ቀበል አድርጋ «ለሚዳቋ እኮ ይሠራሉ!» አለች። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩ አልለቀቀንም። እውነት ለሚዳቋ ይሠራል? አዎ፣ ይሠራል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ካቪሽ 1 ሲሰፋ ለአራዊት መሻገሪያ ተብሎ አፈርና ቁጥቋጦ የለበሰ ድልድይ ተሠርቶበታል። ታዲያ ለሰው የሚጠየቀው መተላለፊያ ለምን «ውድ ነው» ይባላል? ደግሞስ ውድ መሆኑን ማን ነው የሚያሰላው፣ እንዴትስ አድርጎ? መሐንዲሶች አይደለንም። ሆኖም ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ጥቂት ሳምንት አነበብን፤ የገባንን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

መጀመሪያ ቦታውን እናስታውስ። ከቴል አቪቭ ወደ ሃይፋ የሚሄደው ካቪሽ 2 ኔታንያን ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሁለት ይከፍላታል። ገበያው፣ መሀል ከተማውና ባሕሩ በምዕራብ ናቸው። የባቡር ጣቢያው፣ ቂርያት ሃሻሮንና ሌሎች ሰፈሮች በምሥራቅ ናቸው። የባቡር ሐዲዱም ከካቪሹ ጎን ለጎን ስለሚሄድ በብዙ ቦታ አንድ ሳይሆን ሁለት አጥር አለ። መኪና ያለው ሰው ይህን ከተማ እንደ አንድ ከተማ ነው የሚያውቃት። በእግሩ የሚሄድ ግን መሻገር የሚችልባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ለመኪና ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ለአራዊቱም እንዲሁ ነው። በሳሮን ሜዳ ሚዳቋ፣ ቀበሮና ጃርት አሉ። ከካቪሹ በስተ ምዕራብ የቀረው መሬት በባሕርና በመኪና መካከል የተያዘ ቀጭን ቁራጭ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ የምናየው ሐምራዊው የአይሪስ አበባ የሚበቅለውም በዚያ ነው። እዚያ የታጠረ መንጋ ከሌላው ጋር ካልተገናኘ በጥቂት ትውልድ እርስ በርሱ ብቻ ይዋለዳል፤ ይደክማል። የእስራኤል ሚዳቋ ደግሞ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ተጋልጠዋል ከተባሉት እንስሳት አንዱ ነው። ተፈጥሮ ራሷ የሠራቻቸው የሥር መተላለፊያዎች ግን አሉ። በደቡብ የፖሌግ ወንዝ፣ በሰሜን የአሌክሳንደር ወንዝ ከካቪሹ ሥር አልፈው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። በአሌክሳንደር የሚኖረው ለስላሳ ቅርፊት ያለው ትልቅ ኤሊ ዘመዶቹ በአባይና በኦሞ ውስጥ ይገኛሉ። እሱም የአገራችን ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው «ቀዳዳ» ሲል አንድ ቱቦ የሚቀበር ይመስለዋል። ዋናው ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ከቀዳዳው ውጭ ነው። በየቀኑ ብዙ ሺህ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ መቆፈር ማለት መኪናውን ወደ ጊዜያዊ መንገድ ማዛወር፣ ከሥር የተቀበሩ የመብራት፣ የውሃና የስልክ መስመሮችን ማንሳት፣ ሥራውን በሌሊት መሥራት ነው። ሣጥን የመሰለ ኮንክሪት ከጎን ሆኖ በማሽን እየገፉ ከመንገዱ ሥር ማስገባትም ይቻላል፤ መኪናው አይቆምም፣ ዋጋው ግን ይወጣል። ያው ሣጥን መንገዱ ገና ሲሠራ ወይም ሲሰፋ ቢገባ ኖሮ ቆፋሪውም፣ ማሽኑም፣ አስፋልቱም እዚያው ስለሚገኙ ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ክፍል ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ «ስንት ያወጣል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «መቼ ነው የተጠየቀው?» የሚል ነው።

ይህን ከአገር ቤት እንየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ በእግር መሻገር ክልክል ነው። ገበሬው በሬውን ይዞ ከማሳው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ከመንገዱ ሥር የሚያልፉ መተላለፊያዎች ግን ገና ከመነሻው አብረው ተሠሩ። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ ለዓመታት ጉዞ ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦቻችን ያውቁታል። 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ ሰፈሮችን መሀል ለመሀል ሲቆርጥ ለእግረኛው የቀረበለት በአመዛኙ በደረጃ የሚወጣ የብረት ድልድይ ነበር፤ እሱም ከአንዱ ወደ ሌላው ሩቅ ነው። ሰው ምን አደረገ? ከድልድዩ ይልቅ በመኪናው መካከል መሮጥንና የመሀሉን የኮንክሪት ግንብ መዝለልን መረጠ። ባለሥልጣን «ሕዝቡ ሥርዓት አያውቅም» ይላል። እኛ ግን ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል ይዛ ያን ሁሉ ደረጃ የምትወጣውን ሴት እናስባለን።

እዚህ ላይ አንድ የቁመት ሒሳብ አለ። ከመንገድ በላይ የሚሠራ ድልድይ ትልቅ የጭነት መኪና ከሥሩ ማለፍ ስላለበት ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ከመንገድ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ግን የሰውን ቁመት ብቻ ማሳለፍ ስላለበት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ደረጃውና አቀበቱ ያጥራል፤ አጋላም፣ የሕፃን ጋሪም፣ ተሽከርካሪ ወንበርም በቀላል ተዳፋት ይገባል። መንገዱ በተፈጥሮ ከፍ ባለ አፈር ላይ የሚያልፍበት ቦታ ከተገኘ ደግሞ ምንም መውረድ ሳያስፈልግ ቀጥ ብሎ ይታለፋል። በሌላ በኩል የሥር መተላለፊያ ውሃ ይይዛል። የኔታንያን የክረምት ዝናብ ያየ ሰው ይህን አይክድም። የውሃ መምጠጫ፣ መብራትና ጽዳት በየዓመቱ ገንዘብ ይበላሉ። ብዙ ከተማ ውስጥ የተዘጉና የሽንት ቤት የሆኑ መተላለፊያዎች አሉ፤ ሲሠሩ ሪባን ተቆረጠ፣ ለመጥረጊያው ግን በጀት አልተያዘም። የዘመዶቻችንን ሰፈር የምናውቅ ሰዎች ይህን ቀላል ወጪ አድርገን ልናልፈው አንችልም።

ለአራዊት የተሠሩት ምን ያህል ወጡ? ልዩነቱ ያስገርማል። ኬንያ ውስጥ፣ በኬንያ ተራራ ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዝሆኖች ከመንገድ ሥር መተላለፊያ ተከፈተ፤ ወደ 250 ሺህ ዶላር እንደፈጀ ተነግሯል። ዝሆኖቹም ብዙ ሳይቆዩ ተጠቀሙበት። በካሊፎርኒያ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በ2022 ግንባታው የተጀመረው የአራዊት ድልድይ ደግሞ በመጀመሪያ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል ተባለ፤ በኋላ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። የመጀመሪያው ጠባብ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው 10 መስመር ያለውን አውራ ጎዳና ከላይ ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እንዲህ ያለ ነገር 100 ሚሊዮን ይፈጃል» ቢል፣ ወይም ሌላው «በኬንያ በ250 ሺህ ተሠርቷል» ቢል፣ ሁለቱንም ማመን አይገባም። የመንገዱ ስፋት፣ አፈሩና ጊዜው ሳይታወቅ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

የጥቅሙ ዓምድ ላይ ስንመጣ ሒሳቡ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለአራዊት የተሻለ ጥናት አለ፤ ይህ ራሱ ሊያስቀን ወይም ሊያሳዝነን ይችላል። በ2009 ማርሴል ሁይሰርና ባልደረቦቹ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የመኪናና የትልልቅ አራዊት ግጭቶችን አስልተው አንድ መኪና አንድ ተራ አጋዘን ሲገጭ በአማካይ 6,617 ዶላር፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሲገጭ 17,483 ዶላር፣ ሙስ የሚባለውን ሲገጭ 30,760 ዶላር ጉዳት እንደሚደርስ አወጡ። የመኪናው ጥገና፣ የሰው ጉዳትና ሞት፣ የእንስሳው ዋጋ፣ ሬሳውን ማንሳት ሳይቀር ተቆጥሯል። ከዚያም በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በዓመት ስንት አጋዘን ቢገጭ አጥርና የሥር መተላለፊያ መሥራት ወጪውን እንደሚመልስ አሰሉ። መልሱ 3.2 ገደማ ሆነ። በካናዳ ባንፍ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው አውራ ጎዳና አጥርና 44 መሻገሪያዎች ከተሠሩለት በኋላ ደግሞ የመኪናና የአራዊት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አጥሩ እንስሳውን ወደ መሻገሪያው ይመራዋል፤ ያለ አጥር ቀዳዳው ብቻውን ብዙም አይሠራም።

ስለዚህ ለሚዳቋ የሚሠራው ድልድይ ለሚዳቋ ብቻ አይደለም። በሌሊት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከእንስሳ ጋር ለሚጋጨው ሾፌርም ነው። ሒሳቡ የሚያዋጣውም በአብዛኛው በሾፌሩ ምክንያት ነው። ገበያ ላይ የሳቅነው ሳቅ ትንሽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለእግረኛው ግን ምን ይቆጠራል? አንደኛ አደጋ ነው፤ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ቆሰለ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። በምሳሌ እናድርገው፤ ቁጥሮቹ የእኛ ግምት እንጂ የማንም ቆጠራ አይደሉም። በቀን 300 ሰው ማዶ ለመድረስ 18 ደቂቃ ተጨማሪ ይዞራል እንበል። 300 ሲባዛ በ18 ደቂቃ 90 ሰዓት ነው። በዓመት 300 ቀን ብንወስድ 27,000 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ የሰው ሰዓት በደመወዙ ይለካል። ደመወዝ የሌላት፣ በጡረታ የምትኖር እናት ሰዓቷ ርካሽ ይሆናል። ጽዳት ለመሥራት ከንጋት በፊት የምትወጣው ሴት ሰዓት ከሃይቴክ ሠራተኛው ያንሳል። እንግሊዝ የመሰሉ አገሮች ከሥራ ውጭ ላለው ጊዜ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አማካይ ዋጋ የሚይዙት ይህን ለማስቀረት ነው። በየትኛው ዋጋ እንደተሰላ መጠየቅ መብታችን ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል በዓባሪው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደን ነው። ቆጣሪ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሚሻገረውን ይቆጥራል። መሻገሪያ በሌለበት ቦታ የሚሻገር ሰው የለም፤ ስለዚህ ዜሮ ይጽፋል። «ፈላጊ የለውም» ይባላል። አባቶቻችንን ጠይቋቸው፤ መገጭ በክረምት ሲሞላ ገበያ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ጎንደር ገበያ የሚሸጠው ማሰሮና ማረሻ ያለው ሰው ስለጠፋ አልነበረም፤ ወንዙ ስለሞላ ነበር። ዛሬም ወደ ገበያው ያልመጡት፣ ኩፓት ሆሊም የቀሩት፣ ልጃቸውን ማዶ ያለ የእግር ኳስ ቡድን ያላስመዘገቡት በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የሉም። ይህ የእኛ የሙያ ሥራ ነው ብለን እናስባለን፦ ያልመጣውን ሰው መቁጠር።

አራተኛ፣ ዘመን። እንዲህ ያለ ግንባታ 75 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የእነ ሁይሰር ጥናትም 75 ዓመትን ነው የያዘው። ነገር ግን ኢኮኖሚስት የነገን ጥቅም በዛሬ ዋጋ ሲለውጥ ቅናሽ ያደርግበታል። በ3 በመቶ ሲቀነስ ከ75 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ሸቀል ዛሬ 109 ሸቀል ገደማ ይሆናል። በ7 በመቶ ሲቀነስ 6 ሸቀል ብቻ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ግንባታው አልተለወጠም፣ ሕዝቡም አልተለወጠም፤ አንዲት መቶኛ ቁጥር ስትቀየር ያው ፕሮጀክት ከ«አዋጪ» ወደ «አክሳሪ» ይዞራል። ወጪው ግን አብዛኛው ዛሬ ስለሚወጣ ቅናሽ ብዙም አይነካውም።

ታዲያ ሰውና እንስሳ አንድ መተላለፊያ ቢጋሩ ወጪው ለሁለት አይከፈልም? ይህ ሐሳብ እኛንም ማርኮን ነበር፤ ስናነብ ግን ቀዘቀዝን። መሐንዲሶች የመተላለፊያን ክፍትነት የሚለኩት ስፋቱን በቁመቱ አባዝተው በርዝመቱ በማካፈል ነው። 4 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ቁመትና 40 ሜትር ርዝመት ያለው ሣጥን 0.3 ያገኛል። ያው ሣጥን 20 ሜትር ብቻ በሚሆን ጠባብ መንገድ ሥር ቢሆን 0.6 ነው። ሚዳቋና አጋዘን የሚመስሉ እንስሳት ጠባብና ረጅም ጉድጓድ ውስጥ አይገቡም፤ ከወዲያ በኩል ሰማይ ማየት ይፈልጋሉ። ያቺ የገበያ እናትም ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቁም፤ መግቢያው ላይ ቆመው መውጫውን ማየት ይፈልጋሉ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ይስማማሉ። በመብራቱ ላይ ግን ይጣላሉ። ሰው በሌሊት ካልበራ አይገባም፤ እንስሳው ከበራ አይገባም። በባንፍ መተላለፊያዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ሰው በብዛት የሚመላለስበትን መተላለፊያ አራዊት እንደሚሸሹት አሳይቷል። የሚጋሩት ከሆነ ሰፊ መሆን፣ የሰው መንገድ በአንድ ጎን መሆን፣ መብራቱ ወደ ታች ብቻ መብራት፣ በሌላው ጎን አፈርና ቁጥቋጦ መኖር አለበት። ያ ደግሞ ሣጥኑን ያሰፋዋል፤ ሣጥኑ ሲሰፋ ዋጋው ይጨምራል። ከተማ መሀል ለሰው፣ በወንዞቹ ዳር ለአራዊት ተብሎ ቢለይ ብዙ ጊዜ ይሻላል ብለን እናምናለን።

በወንዞቹ ዳር ደግሞ ርካሽ መንገድ አለ። ከመንገድ ሥር ቀድሞ የተሠራ የውሃ መውረጃ ካለ ግድግዳው ላይ ከውሃው ከፍ ያለች ደረቅ መደብ መሥራት፣ መግቢያውን ከቆሻሻ ማጽዳት፣ ግራና ቀኝ አጥር ማድረግ ይቻላል። ጃርትና ቀበሮ ይህ ይበቃቸዋል። ለሚዳቋ ግን አይበቃም።

እኛ ወዴት እንደምናዘነብል ከተጠየቅን አሁን ባለው መንገድ ላይ በማንኛውም ዋጋ ይቆፈር አንልም። አንዳንድ ጊዜ በዚያው ገንዘብ ነባሩን የመኪና ድልድይ ለእግረኛ ማስፋት፣ የእግረኛ መብራቱን ማርዘምና ሐሙስና ዓርብ አውቶቡስ መጨመር ለእኚያ እናት ቶሎ ይደርስላቸዋል። የሥር መተላለፊያው ግን መንገዱ ወይም ሐዲዱ በሚሰፋበት ቀን ካልተጠየቀ፣ አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ «በጣም ውድ» ሆኖ ይቀራል።

ጊዜውን ለማወቅ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት አንድ ፕላን ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ በጋዜጣ ይታወጃል። ፕላኑ ይጎዳኛል የሚል ሰው በተለምዶ በ60 ቀን ውስጥ ለቫዓዳው፣ ማለት ለፕላን ኮሚቴው፣ ተቃውሞውን ማቅረብ ይችላል። ተቃውሞ ማለት «አይሠራ» ማለት ብቻ አይደለም፤ «መተላለፊያ ይጨመርበት» ማለትም ይሆናል። በቃል አይበቃም፤ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ የተጻፈውም እውነት መሆኑን በመሐላ የሚያረጋግጥ ታጽሂር ታክሎበት ነው የሚቀርበው። ታጽሂሩ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ሰውዬው ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ገበያው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት፣ በየትኛው ድልድይ እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ ፈርቶ እንደተመለሰ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያቺን እናት ፈልገን አገኘናቸው። ሰዓት ይዘን አብረናቸው ሄድን፤ አጋላውን እኛ ጎተትን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ አንዴ ለማረፍ፣ አንዴ ከባድ መኪና እስኪያልፍ። ቤታቸው በር ላይ 41 ደቂቃ ብለን ጻፍን። «ዛሬ እናንተ ስላላችሁ ፈጠንኩ» አሉ። እሱንም ጻፍነው።